የቁምሳጥኑ ማጠፊያ

በጤና ጣቢያው አለቆቿ «ሲስተር» ይሏታል፤ ሰፈርተኛው ግን «ሳይታወቀኝ» ነው የሚላት። መርፌ ፈርቶ ፊቱን ያዞረ ሰው «አሁን ልትወጊኝ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እሷ ጥጡን አስይዛው ተረኛውን እየጠራች ትገኛለች። «ሳይታወቀኝ ወጋችኝ እኮ!» ማለት የሁሉም ሰው አፍ ላይ ከመዋሉ የተነሳ ስም ሆኖባት ቀረ። እጇ እንዲህ ቀላል ነው። ምላሷ ግን እንደ እጇ አይደለም፤ ለዚህ ሁሉ ያበቃትም እሱ ነው።

ቃሉን መጀመሪያ የተናገረው ግን ታላቅ ወንድሟ ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ገና ጢሙ ያላቀመቀመ ልጅ፣ እሷ ደግሞ የወተት ጥርሷን የምታወልቅ ሕፃን ነበረች። እሱ ደብተሩን ዘግቶ አናጢ ቤት ገባ፤ የእሷ ደብተር ግን እንዲዘጋ አልፈቀደም። ነርስነት ስትማር መርፌ የምትለማመድበት ብሎ ለሶፋ ከሚጠቀምበት ስፖንጅ ቆርጦ አመጣላት። ስፖንጅ ደም የለውም፣ አያምመውም፣ አይቆጣም። ስለዚህ አንድ ቀን እጅጌውን ሰበሰበና የራሱን ክንድ ዘረጋላት።

«ጋሼ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለችው።

«እኔ ስንት ስንጥር ከመዳፌ የነቀልኩ ሰው ነኝ፤ ውጊኝ ዝም ብለሽ» አላትና ስለ አንድ ክፉ ደንበኛው ማውራቱን ቀጠለ። ወሬውን ሲጨርስ ዘወር ብሎ አያት። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ጨረስኩ እኮ።»

«ሳይታወቀኝ!» ብሎ የሳቀው ሳቅ እስካሁን ጆሮዋ ውስጥ አለ።

የመርፌ ክፍሉ ቁምሳጥንም የእሱ እጅ ሥራ ነው። ጠንካራ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፤ አንድ ነውር ብቻ አለበት። በሩ በተከፈተ ቁጥር የላይኛው ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። ጓንት፣ ጥጥ፣ መርፌ፣ የጨው ውሃ፣ በአጭሩ ቅዝቃዜ የማይፈልገው ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ክትባቱ ግን ማዶ ባለችው ክዳናም ሰማያዊ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የሚያድረው። ይህን ሁሉ ቁምሳጥኑን ሲገጥም አንድ በአንድ አስረድታዋለች፤ እሱ መደርደሪያውን በልኩ ለመክፈል ጠይቋት ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን ማጠፊያ መቼ ነው የምትቀይርልኝ? ጆሮዬን በላው እኮ!» ትለዋለች ባገኘችው ቁጥር።

«ተይው ይጩህ። ሌባ ሲገባ ይነግርሻል» ይላታል። የራሱን ቤት ጣሪያ የማይጠግን አናጢ ስንት አለ! ማጠፊያውም እንደ ጮኸ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ያ የሳንባ በሽታ መጣ። አልጋና ወንበር የሚያዝዘው ሰው ጠፋና የሬሳ ሣጥን የሚያዝዘው በዛ። ወንድሟ ልክ የሚወስድበት ጊዜ ሲያጥረው «ረጅም ነው አጭር?» ብሎ እየጠየቀ በግምት ይሠራ ጀመር። በመጨረሻ እሱንም ጣለው። ዳነ፤ መዳኑን ግን ሙሉ መዳን አይሉትም። ድሮ ሳንቃ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው ሰውዬ ከዚያ ወዲህ መጋዝ ሁለቴ ሦስቴ ከሳበ ቆሞ ትንፋሹን ይጠብቃል። ክትባቱ ሲመጣም ሁለቱን ዙር ከእህቱ እጅ ያለ አንድ ቃል ወሰደ። ሣጥን የሠራ ሰው በሽታው የለም አይልም።

ቃል የመጣው በማጠናከሪያው ነው። በሽታው መልኩን ቀይሮ ሊመለስ ነው፣ ሦስተኛ መርፌ ያስፈልጋል ተባለ። እሷ በተለይ እሱን ነበር የምታስበው። «ያ ሳንባ ሌላ ዙር አይችልም» ያላት ሐኪም ቃሉን ሲናገር ዓይኗን አላያትም። ያን ዕለት ከሥራ በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ሄደች።

«እናንተ ሰዎች» አላት ወንድሟ ብሩሹን ሙጫ ውስጥ እያጠቀሰ፣ «መጀመሪያ ሁለት ይበቃል አላችሁ። አሁን ሦስት ትላላችሁ። እኔ ወንበር ሸጬ በየስድስት ወሩ ምስማር ልጨምርበት ብል ማን ይገዛኛል?»

«መጋዝህንስ አንዴ ሞርደህ ተውከው?»

ትንሽ አሰበና ሳቀ። «ይቺስ ጥሩ መልስ ናት።» ከዚያ ሳቁን ተወት አደረገ። «ስሚኝ። ያንን ፋብሪካ አላምነውም። ያመንኩት አንቺን ነው። አንቺ ውሰድ ካልሽኝ እወስዳለሁ።»

ደስ አላት። ያ ቃል እንደ ሸክም ከብዶ መታየት ነበረበት፤ እሷ ግን እንደ ምርቃት ተቀብላው ሄደች።

የከተማው ሰው ግን እንደ እሱ እህት አልነበረውም። ወሬው በየሱቁ፣ በየታክሲው፣ በየስልኩ ይንጫጫል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሕዝቡና የጤና ጣቢያው ሰዎች ፊት ለፊት ይነጋገሩ ተባለ። አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። መጀመሪያ የተነሡት ባለ መድኃኒት ቤቱ ነበሩ፤ ሽበታም፣ ረጋ ያሉ፣ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው። ሊያጣጥሏቸው የሚሞክሩ «ወሬኛ» ይሏቸዋል፤ ወሬኛስ አልነበሩም።

«ይህ ፋብሪካ» አሉ፣ «ከዓመታት በፊት አንድ የሕመም ማስታገሻ ሠርቶ ነበር። ልብ እንደሚጎዳ እያወቀ ደብቆ ተገኘና ተቀጣ። ይህን ክኒን በዚህች ከተማ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ለእናቴም የሰጠኋት እኔ ነኝ። አሁን ‹እመኑን› ስትሉኝ በምን ልመን? የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ቢባልም፣ እኚህ ሰው ያዩት እውነተኛውን እባብ ነው። ይህን ማለት የሚገባው የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነበር። ጥያቄው ልክ ነው፣ ያኛው መድኃኒት ያን አድርጓል፣ ይሄኛው ደግሞ እንዲህና እንዲህ ተደርጎ ተመርምሯል ብሎ ቢያስረዳ ሰው ይሰማው ነበር። እሱ ግን መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ «ይህ የባለሙያ ጉዳይ ስለሆነ ለባለሙያ ብንተወው» አለ። ይሄኔ አዳራሹ ተንጫጫ። ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

«እናንተ ራሳችሁስ ተወግታችኋል?» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«ሁላችንም ተወግተናል» አለ ኃላፊው።

«ማን አየ?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ ነው ያቃጠላት። በዚያ ክፉ ጊዜ ስንቱን ሰው በክንዷ ደግፋ ያሳለፈች ሴት፣ እንደ ሌባ «ማን አየ?» ስትባል ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ሳታስበው ብድግ አለች። «እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ኑና እዩ! በፊታችሁ ራሴን እወጋለሁ!»

ተጨበጨበ። ባለ መድኃኒት ቤቱ እንኳን አንገታቸውን በአክብሮት ሰበር አደረጉ። ወንድሟ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ደረቱን ነፍቶ «እህቴ እኮ ናት» ሲል አጠገቡ ያሉት ሰሙት። እሷ ግን ያለችው ነገር የገባት ቁጭ ስትል ነው። ክትባቱ ከተማ የገባው ሐሙስ ነበር፤ በጤና ጣቢያው ልማድ ሠራተኞቹ ከሕዝቡ አስቀድመው ይወጋሉ፤ ሐሙስ ከሰዓት ኃላፊው በገዛ እጁ ወግቷታል። ክንዷ ገና እንዳበጠ ነው። በቀናት ልዩነት ሌላ መድገም ደግሞ አይገባም፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

«ምን ነክቶሽ ነው?» አላት ኃላፊው ደጅ ሲወጡ። «ሐሙስ አይደል የወጋሁሽ?»

«አመለጠኝ። ምን ላድርግ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብቻ ሰኞ ሰው ይመጣል። ካልሽ በኋላ ደግሞ መቅረት የለም።» ይህን ብሎ ወደ መኪናው ገባ። አንዳንድ አለቃ እንዲህ ነው፤ እጁ ሳይነካው የሰው እጅ ያስቆሽሻል።

እሑድን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። ሄዳ «ሐሙስ ተወግቻለሁ፣ ይኸው ክንዴ» ብትል «ማን አየ?» ይሏታል። ሰኞ ብትቀር ባለጌው ሁሉ በስሟ ይጫወታል፤ ከዚያም ማንም አይወጋም። በክትባቱ ፈንታ የጨው ውሃ ብትወጋስ? የጨው ውሃ ማንንም አይጎዳም። የምታሳየው ነገር ውሸት አይደለም፤ እውነት የሆነውን በድጋሚ ማሳየት ነው፣ ሐሙስ የሆነውን ለሰኞ ሰው። እንዲህ እያለች ራሷን አሳመነች። ለወንድሟ ልንገረው ወይ ብላ ስልኳን አንስታ ነበር። እሱ ግን ምስጢር ሲይዝ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ሰኞ ከፊት ቆሞ ቢስቅስ? በኋላ እነግረዋለሁ ብላ ስልኩን አስቀመጠችው። በአንድ ቃል ይቆረጥ የነበረ ነገር እዚያች ላይ ታሠረ።

ሰኞ ሰዉ ከጠበቀችው በላይ ማልዶ መጣ። ውሃውን አስቀድማ በመርፌ ለመቅዳት ነበር ሐሳቧ፤ በሩን ስትከፍት ግን ግቢው ሞልቶ፣ በመስኮቱም በበሩም አንገት ተሰግጎ ጠበቃት። ወንድሟ ከሁሉም ፊት፣ የበሩ ደፍ ላይ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ከእሷ ቀጥሎ የሚወጋው እሱ እንዲሆን ተነጋግረዋል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ከኋላ ዛፉን ተደግፈዋል። ከክትባቱ ጋር የመጣው መርፌ ከፊት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የክፍሉ ግማሽ መጋረጃ ቁምሳጥኑንም ማቀዝቀዣዋንም ይጋርዳል። አንድ መርፌ አንሥታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች፤ ሰዉ ዝም ብሎ ጠበቀ።

በዚያ ዝምታ ውስጥ የቁምሳጥኑ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ።

ለሌላው ሰው የበር ድምፅ ነው። እሷም ዓመታት ስለለመደችው ከቶ አልሰማችውም። መርፌውን ይዛ ወጣች፣ ክንዷን ገለጠች፣ በዚያ በቀላል እጇ ራሷን ወጋች። ጭብጨባው ግቢውን አናወጠው። «ቀጥል!» ብላ እየሳቀች ወደ ደፉ ስትዞር ወንድሟ እጅጌውን ቁልቁል እየመለሰ ነበር።

«ጋሼ?»

«የሰው ዕቃ አለብኝ፤ ሌላ ቀን» አለና በሰዉ መሃል ሾልኮ ወጣ። ተከትላው ልትሄድ ነበር፤ ነገር ግን ሰልፉ ገፍቶ ገባ። ያን ቀን እጇ እስኪዝል ስትወጋ ዋለች፤ ለሁሉም ከማቀዝቀዣዋ ነው ያወጣችው፤ እውነተኛውን ክትባት።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነባት። «ነገ» ይላታል፣ ነገ ሲደርስ የለም። ወርክሾፑ ስትሄድ ማሽኑን ያስነሣና በጩኸቱ ይደበቃል። አንድ ቀን ግን ማሽኑን በእጇ አጥፍታ ያዘችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርጌህ ነው? ‹አንቺ ካልሽ እወስዳለሁ› አላልከኝም?»

«ሁለቱን ወስጃለሁ። ይበቃኛል።»

«ሐኪሙ ያለውን ታውቃለህ! መሞት ነው የምትፈልገው?»

ቀና ብሎ አያት። እንዲያ ካያት ዓመታት አልፈዋል፤ ቁጣ አይደለም፣ ሐዘን ነው፤ ልክ ልጅ ሳለች ዋሽታው በያዛት ጊዜ እንደሚያያት። «አንቺ ራስሽን ጠብቂ» አላት ቀስ ብሎ። እሷ ግን ድርቅናው ነው ብላ «ግትር!» ብላው ወጣች። ምነው ያን ቀን አንድ ጥያቄ ብትጠይቀው! ማሽኑን ለማጥፋት የደፈረች እጅ አፏን ለመክፈት ሳትደፍር ቀረች፤ የሰኞውን ነገር ልትነግረው ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ ዋጠችው። አሁን ብነግረው ጭራሽ እምቢ ይላል ብላ ፈራች።

በዚያው ሰሞን እሷ ስብሰባ በሄደችበት መጥቶ ማጠፊያውን ቀየረው። ተመልሳ ቁምሳጥኑን ስትከፍት በሩ ዘይት እንደጠጣ ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተላት። ስንት ዓመት ለምናው! ታርቀናል ማለት ነው ብላ ደስ አላት። አሮጌውን ማጠፊያ ጥሎት አልሄደም፤ ይዞት ነው የሄደው። ይህንን ልብ ብላ ነበር፤ ግን ምን ልታደርገው?

ብርዱ ሲገባ በሽታው እንደተባለው ተመለሰ። የወርክሾፑ ማሽን አንድ ማክሰኞ ሳይነሣ ዋለ። የወንድሟ ሚስት ደውላ «ኧረ ድረሽልኝ፣ ትንፋሽ አጠረው» አለቻት።

ሆስፒታል ሲያስገቡት ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ኦክስጅኑ አፍንጫው ላይ ሲያፏጭ እሷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጁን ይዛለች፤ መዳፉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ጠባሳ ታውቀዋለች። ሐኪሙ ሲወጣ ከፊቱ ላይ ያነበበችውን አልወደደችውም። ነርስ መሆን ክፉ ነው፤ ሌላው ዘመድ ተስፋ የሚያደርግበትን ቁጥር አንቺ ማሽኑ ላይ ታነቢዋለሽ።

«አትናገር፣ ጋሼ። ትንፋሽህን ያዝ።»

«ያዝኩት... ይዤውስ ምን አተረፍኩ?» ፈገግ ለማለት ሞከረ። ቆየና ዓይኑን ከጣሪያው ላይ ሳያነሣ ተናገረ። «ያን ሰኞ... ከማቀዝቀዣዋ አልነበረም። መርፌው በእጅሽ ነበር፤ የቀረውን ከቁምሳጥኔ ነው ያወጣሽው። ማጠፊያዬን አውቀዋለሁ።»

እጁን ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።

«እሷ ለራሷ ያልወሰደችውን ለኔ እንዴት ትሰጠኛለች ብዬ... አዘንኩ። ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው ይሰማዋል ብዬ ፈራሁልሽ። ቀየርኩት።»

«ጋሼ! ጋሼዬ፣ ስማኝ! ተወግቼ ነበር! ሐሙስ፣ ከሰዉ ሁሉ ቀድሜ! አዳራሹ ውስጥ አመለጠኝ፤ ሁለተኛ መወጋት ስለማልችል ነው ውሃውን ያደረግኩት። በእናታችን እምልልሃለሁ!»

አንገቱን ወደ እሷ አዞረ። እንዳመናት ዓይኑ ላይ አየች፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆርጣት።

«እና... ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበር?» አላት።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አረፈ። ክትባቱን ወስዶ ቢሆን ይድን ነበር ብሎ የሚምል የለም፤ ሐኪሙም አልማለም። ነገር ግን ላይድን ይችል ነበር ብሎ ማንም ቢያጽናናት እሷ አትሰማም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። አዎ፣ ይጠራል፤ ለሞተ ሰው ግን ምን ያደርግለታል?

ለቅሶው ላይ ባለ መድኃኒት ቤቱ መጡ። ሰዉ ቀለል ሲል ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ፤ አጥንተው የመጡት ነገር እንዳለ ያስታውቁ ነበር።

«እግዜር ያጥናሽ። አንድ ነገር ሳልነግርሽ ብሄድ ሕሊናዬ አይፈቅድም» አሉ። «እኔ ያን ሰኞ ዝም ብዬ ተመለስኩ። መርፌውን አይቻለሁ፤ ውስጡ ያለው ከየት እንደ ተቀዳ ግን አላየሁም። በማግሥቱ ወንድምሽን መንገድ ላይ አገኘሁት። ‹አንተ ደፉ ላይ ነበርክ፤ እውነቱን ንገረኝ፣ ከማቀዝቀዣው ነው ወይ ያወጣችው?› አልኩት። ‹በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ከማቀዝቀዣው ነው። እህቴ አታታልልም› አለኝ። ያ ሰው ዋሽቶ አያውቅም። በእሱ ቃል መጥቼ ባንቺ እጅ ተወጋሁ። እኔም ታመምኩ እኮ ሰሞኑን፤ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ። ሕይወቴን ለእሱ ነው የምቆጥረው።»

ሚስቱ ከወዲያ ጥግ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እሷ ግን አላለቀሰችም። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው አንዴ ዋሸ፤ ለእሷ ብሎ ዋሸ፤ ውሸቱ ሌላ ሰው አዳነ፤ የእሷ ውሸት ደግሞ እሱን አስቀረው። ይህን ከእንግዲህ ብቻዋን ልትሸከመው አልቻለችም።

«ውሃ ነበር» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ያን ሰኞ ራሴን የወጋሁት በጨው ውሃ ነው። እኔ ሐሙስ አስቀድሜ ተወግቼ ነበር፤ ልድገም ብል አይሆንም። ወንድሜ አውቋል። የዋሸዎት ለኔ ብሎ ነው።»

ባለ መድኃኒት ቤቱ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸው፣ እሳቸው ሳያዙት ይመስላል፣ ቀስ ብሎ ተነሣና የግራ ክንዳቸውን፣ የተወጉበትን ቦታ፣ ጨብጦ ያዘ።

«የእኔስ?» አሉ።

«የእርስዎ እውነተኛው ነው። ለሰዉ ሁሉ ከማቀዝቀዣዋ ነው ያወጣሁት። በወንድሜ አፅም እምላለሁ!»

የእናታቸውን ክኒን በገዛ እጃቸው የሰጡት እኚያ ሽማግሌ ዓይን ዓይኗን አዩ። ድምፃቸውን አላነሡም፤ በአዳራሹ ውስጥም አንሥተው አያውቁም።

«ማን አየ?» አሏት።

ቃሉ የሚታመንላት ብቸኛ ሰው ትናንት ተቀብሯል። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ ክንዳቸውን እንደያዙ ወጡ፤ በሩ ላይ የቆሙት ሰዎችም «ምን ሆኑ?» እያሉ ከበቧቸው።